ነዳጁ ሲለወጥ መያዣውስ? ከታርኔት ጋራዥ እስከ ፊንጫ

ታርኔት ከሜልበርን በስተምዕራብ፣ በዊንድሃም ከተማ አስተዳደር ሥር ያለች ሰፈር ናት። የባቡር ጣቢያዋ በ2015 ተከፈተ፤ ሜዳው በፍጥነት በቤት ተሞላ፤ ኑሮን በፉትስክሬይ ኪራይ ቤት የጀመሩ ከአገራችን የመጡ ቤተሰቦችም የራሳቸውን ጣሪያ ያገኙት በዚህችና በአጎራባቾቿ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤቱ ሁሉ ማለት ይቻላል የመኪና ማሳደሪያ አለው፤ መኪና የሚያድርበት ግን ጥቂቱ ነው። አንዱ ዕቃ ያከማችበታል፣ አንዱ ለማኅበር ይጠቀምበታል፣ አንዱ ደግሞ እንደ ጎረቤቴ ጋራዥ አድርጎታል።

ባለፈው ሐምሌ፣ በሜልበርን ብርድ፣ ወደዚያ ጋራዥ ስገባ አባትና ልጅ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አባትየው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲበይድ ያደገ ሰው ነው። ልጁ ሜልበርን ተወልዶ የመኪና ጥገና ሙያ የሚማር ወጣት ነው። በመካከላቸው የቆመው የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ አዲስ አበባ «ዲኤክስ» እያለች የምትጠራው ዘመን መኪና። ልጁ ካርቡራተሩን አውልቆ ሞተሩን ወደ ኢንጀክሽን ለውጦታል። አሁን የቀረው ሰርጅ ታንክ የሚባለውን፣ በዋናው ሰልባትዮና በሞተሩ መካከል የሚቀመጠውን ትንሽ የነዳጅ ማቆያ መሥራት ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ዕጩዎች ተደርድረዋል፦ ዚንክ የተለበጠ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ፣ ወፍራም የመዳብ ቧንቧ፣ የአሉሚኒየም ላሜራና የማይዝግ ብረት ቱቦ።

አባትየው የውኃ ቧንቧውን መረጠ። «ውኃ ተሸክሞ ሃምሳ ዓመት የሚኖር ብረት ቤንዚን ቢይዝ ምን ይሆናል?» አለ። ልጁም «አባዬ፣ እኔ የምቀዳው ቤንዚን እኮ ቤንዚን ብቻ አይደለም» ሲል መለሰና ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። መካኒክ ስላልሆንኩ ፍርዱን አሳደርኩት። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን ጥያቄው ከአንድ ኮሮላ በላይ መሆኑን ተረዳሁ። የነዳጅ መያዣ ከምን እንደሚሠራ ሲወስን የኖረው መያዣውን የሠራው ሰው ብቻ አይደለም፤ ነዳጁን የለወጠው መንግሥትና ኩባንያም ጭምር ነው። ለውጡ ሲመጣ ደግሞ አሮጌውን መያዣ ይዞ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠየቀው ሰው ነው።

በመጀመሪያ ማቆያው ለምን እንዳስፈለገ ልግለጽ። ካርቡራተር በሆዱ ውስጥ ተንሳፋፊ የሚቆጣጠረው ትንሽ የቤንዚን ቋት አለው። መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ አንድ ወገን ቢሸሽና የመምጠጫው አፍ ለጥቂት ሰከንዶች አየር ቢስብ እንኳ፣ ሞተሩ ከዚያች ቋት እየተቀበለ ይቀጥላል። ኢንጀክሽን ይህችን ቋት አስቀረ። ቤንዚኑ ከፓምፑ እስከ መርጫው በ3 ባር ገደማ ግፊት ስለሚጓዝ፣ አየር ለአፍታ ከገባ ግፊቱ ይወድቃል፣ ሞተሩ ይንተባተባል፣ በሚያልፍበት ቤንዚን የሚቀዘቅዘው ፓምፕም ይጎዳል። የመኪና አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ የኢንጀክሽን መኪናዎችን ሰልባትዮ በውስጥ ግድግዳና በማቆሪያ ሠሩት። የካርቡራተር ዘመን ኮሮላ ግን ይህ የለውም። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሊትር የሚይዝ ማቆያ ይጨመርለታል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ከሰልባትዮው እየቀዳ ይሞላዋል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ሁለተኛ ፓምፕ ከግርጌው ይስባል፤ ሞተሩ ያልተጠቀመበት ቤንዚን ሞቆ ወደ ማቆያው ይመለሳል፤ ትርፉና አየሩ በአናቱ በኩል ወደ ሰልባትዮው ይወጣል። ማቆያው የአሮጌ ሰልባትዮና የአዲስ ሞተር አስታራቂ ሽማግሌ ነው ማለት ነው። ሽማግሌ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚመጣበትን መቻል አለበት።

የጎረቤቴ ፍርድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ምናለሽ ተራን ማስታወስ ይበቃል። እዚያ የተጣለ ቆርቆሮ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ሳጥንና ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። ኩራዝ፣ አስበነው ባናውቅም፣ በአገራችን በስፋት የተሠራ የቤት ውስጥ የነዳጅ መያዣ ነው፦ ከጣሳ የተቆረጠ፣ ስፌቱ በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ፣ ላምባ የሚይዝ። መብራት ያልገባለት ቤት ተማሪ ያጠናው በእርሱ ነው። ኩራዝ ሥራውን የሠራበት ምክንያት ግን ብልሃቱ ብቻ አይደለም፤ የፈሳሹ ጠባይም ነው። ላምባ በተለመደው የክፍል ሙቀት የሚቀጣጠል ያህል ተን አያወጣም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ያወጣል። ላምባው ውስጥ ቤንዚን የተቀላቀለ ዕለት ያው ኩራዝ፣ ያው ስፌት፣ ቤት ያቃጥላል። መያዣው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሞላበት ነገር ነው።

ይህንኑ ትምህርት የዓለም ጦር ሠራዊቶች በውድ ዋጋ ተምረውታል። የእንግሊዝ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጁን ያመላልስ የነበረው 18 ሊትር በሚይዝ ስስ የቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ ወታደሮቹ ራሳቸው «ስሱ» የሚል ትርጉም ባለው ቅጽል ይጠሩት ነበር። ስፌቱ በመንገድ ይከፈታል፣ ጠርዙ ይበሳል። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኦኪንሌክ ከመጋዘን እስከ ተጠቃሚው ባለው ጉዞ ከነዳጁ 30 በመቶ ያህሉ እንደሚባክን ገምተው ነበር። ጀርመኖች ግን በ1930ዎቹ 20 ሊትር የሚይዝ ሌላ ዕቃ አዘጋጅተው ነበር፦ ሁለት የተጨፈለቁ ግማሾች ወደ ውስጥ በገባ አንድ ስፌት የተበየዱ፣ ውስጡ የተቀባ፣ ሦስት እጀታ ያለው፣ ቤንዚኑ ሲሞቅ የሚሰፋበት የአየር ቦታ የተተወለት። እንግሊዞች ማርከው ቀዱት፤ ለጀርመኖች ባወጡት ቅጽል «የጄሪ ጣሳ» አሉት። ዛሬ እናቶቻችን ውኃ የሚቀዱበት ቢጫ ፕላስቲክ «ጀሪካን» ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። የጀርመኑ ዕቃ ብልጫ በብረቱ ጥንካሬ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ስፌቱ፣ የውስጥ ቅቡና አየሩ ስለታሰበባቸው ነው።

(ነዳጅ በዕቃ ተጭኖ የሚመጣ፣ ስለዚህም ሊከለከል የሚችል ነገር መሆኑን ከጀሪካን በፊት በ1935 ተምረነዋል። የመንግሥታት ማኅበር በዚያ ዓመት ኅዳር በኢጣሊያ ላይ በጣለው ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ አልተካተተም። የወራሪው ካሚዮን ወደ መሀል አገር ገባ፤ ሲወጣም ሰልባትዮን፣ ላሜራንና ጎሚስታን በቋንቋችን ትቶልን ሄደ።)

ከጣሳና ከጀሪካን ወደ መኪናው ሰልባትዮ እንሻገር። ለአብዛኛው 20ኛው ክፍለ ዘመን ሰልባትዮ የሚሠራው እርሳስ ከጥቂት ቆርቆሮ ጋር ከቀለጠበት ውስጥ ከተነከረ የብረት ላሜራ ነበር። ምርጫው የሞኝ አልነበረም። እርሳሱ ላሜራው ሲጨፈለቅ ሳይሰነጠቅ አብሮት ይታጠፋል፣ በቀላሉ ይበየዳል፣ ዝገትን ይከላከላል፣ ከንጹሕ ቤንዚን ጋር ደግሞ ጠብ የለውም። በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ ቶማስ ሚድግሌይ የእርሳስ ውሕድ ቤንዚን ላይ ሲጨመር የሞተርን ማንኳኳት እንደሚያስቀር ሲያገኝ፣ እርሳስ በግድግዳውም በፈሳሹም ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የታወቀ ሌላ ተወዳዳሪ ነበር፤ አልኮል። አልኮል ከገበያው ተገፋ፣ እርሳስ አሸነፈ፣ የመኪና ሰልባትዮም ከአልኮል ጋር የማይስማማ ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመረተ። አውስትራሊያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን በ2002 መጀመሪያ አገደች፤ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችም በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መባቻ ድረስ አስወገዱት። ለሕፃናት አእምሮ ትልቅ ድል ነው። በሰልባትዮው ግድግዳ ላይ ስለቀረው እርሳስ ግን ማንም አዋጅ አላወጣም። ለማውጣትም ምክንያት አልነበረም፤ አልኮሉ እስኪመለስ ድረስ።

አልኮሉን በሰፊው የመለሰችው ብራዚል ናት። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1975 የአልኮል ፕሮግራሟን አወጀች፤ በ1979 ፊያት 147 በኤታኖል ብቻ የሚነዳ የመጀመሪያው በብዛት የተመረተ መኪና ሆነ። መሐንዲሶቹ የገጠማቸው ፈተና ከሞተሩ ይልቅ በቧንቧውና በመያዣው በኩል የበረታ ነበር። ኤታኖል ውኃ ይስባል፤ ውኃ የሳበ ኤታኖል ደግሞ እርሳስን፣ ዚንክንና ናስን ይበላል። ስለዚህ የካርቡራተሩ አካል በኒኬል ተለበጠ፤ የእርሳሱ ሽፋን ከሰልባትዮው ወጥቶ በንጹሕ ቆርቆሮ፣ ማለትም በማዕድኑ፣ ተተካ። በአጭሩ ብራዚል ነዳጁን ስትለውጥ መኪናውንም አስለውጣለች። ይህን ማድረግ የቻለችው የመኪና ፋብሪካዎቹ በግዛቷ ስለነበሩ ነው።

አውስትራሊያ በሌላ መንገድ ሄደች። በ2002 በሲድኒ አካባቢ አንዳንድ ማደያዎች 20 በመቶ የሚደርስ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሳይናገሩ ይሸጣሉ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። መንግሥት ኦርቢታል የተባለውን የምዕራብ አውስትራሊያ የሞተር ምርምር ኩባንያ 20 በመቶው ቅልቅል በአገሪቱ መኪናዎች፣ በአዲሱም በአሮጌውም፣ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንዲፈትሽ አዘዘው። የ2003ቱ ሪፖርት በነዳጅ ሥርዓቱ የብረት ክፍሎች ላይ ዝገትና መበላትን፣ በጎማና በፕላስቲክ ክፍሎችም ላይ ለውጥን መዘገበ። በዚያው ዓመት የ10 በመቶ ጣሪያ ተደነገገ፤ ማደያዎች ቅልቅሉን በመለያ እንዲያሳዩ ግዴታ ተጣለባቸው፤ የመኪና አምራቾች ማኅበርም የትኛው መኪና ቅልቅሉን እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር አወጣ። የታርኔት ነዋሪ ዛሬ ማደያ ሲቆም የኤታኖሉን ቀጂ ከሌላው ለይቶ የሚያየው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው። መፍትሔው ከንግድ ፍላጎት የጸዳ ነበር አልልም፤ የኤታኖል አምራቾችም ጠላቶቻቸውም ካንቤራን አጥብቀው ጎትተዋል። ቢሆንም መያዣው ተጠየቀ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ምክንያቱ ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ ነው። በ1967 የተመረቀው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ የምታነደው ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ ተጣርቶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በሌላ በኩል ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከስኳሩ የሚተርፈውን ሞላሰስ ወደ ኤታኖል የሚለውጥ ፋብሪካ አለው፤ በኋላም መተሐራ ተከትሎታል። በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ወጣ። በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ማቀላቀያ ሱሉልታ ላይ ነበር። በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ አደገ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንከን የለውም፤ የሚጣለው ሞላሰስ ዶላር ያድናል።

ሚዛናዊ ልሁን። 5 በመቶ ቅልቅል ሰልባትዮ አይበሳም፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪናዎች 10 በመቶውንም ያለ ብዙ ችግር ይችላሉ። ችግሩ በአሮጌዎቹ ላይ ነው፣ አመጣጡም ዘገምተኛ ነው። ኤታኖል ጥሩ አሟሚ ስለሆነ በአሮጌ ሰልባትዮ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውን ሙጫና ዝገት ያላቅቅና ወደ ማጣሪያው ይሰደዋል። ውኃ ከበዛበት ደግሞ ውኃና ኤታኖል ከቤንዚኑ ተለይተው ከግርጌ ይተኛሉ፤ መምጠጫው አፍም ያለው ግርጌ ነው። ባለታክሲው የሚያውቀው መኪናው መንተባተቡን፣ ማጣሪያው መደፈኑንና የቀኑ ገቢ መቅረቱን ብቻ ነው። ለመካኒኩ ይከፍላል። ፊንጫ ያዳነው ዶላር በብሔራዊ ሒሳብ ይመዘገባል፤ የእርሱ ማጣሪያ ግን የትም አይመዘገብም።

ይህ ጥያቄ አሁን ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ቀረጥ ከፍ አደረገው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ ኃይልን በገዛ ወንዟ ለምታመነጭ፣ ነዳጅን ግን በዶላር ለምትገዛ አገር መነሻው ምክንያታዊ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እንደደገፋችሁትም አውቃለሁ። ነገር ግን ክልከላው አገር ውስጥ ያሉትን የቤንዚን መኪናዎች አያስወግድም። ምትክ ስለማይገባላቸው ዕድሜያቸውን ያረዝማል። ዲኤክሱ፣ ቪትዙና ሚኒባሱ እየተበየዱ፣ እየተጠገኑ፣ ሰልባትዮአቸው እየተጠቀጠቀ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። ስለዚህ ኤታኖልን እንደገና በስፋት እንቀላቅል የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ቅልቅሉ የሚፈስሰው ከዓመት ዓመት እያረጀ በሚሄድ መያዣ ውስጥ ነው። የብራዚል መንገድ ተዘግቷል፤ ፋብሪካ አዝዘን መኪናውን አናስለውጥም። የቀረን አውስትራሊያ የሄደችበት ነው፦ መፈተሽ፣ ጣሪያ መወሰን፣ ለገዢው መንገር።

ፍተሻው የሚሊዮን ዶላር ነገር አይደለም። ከመርካቶ ከተገዙ አሮጌ ሰልባትዮዎች የብረት ቁራጭ፣ የናስ ካርቡራተር ክፍሎችና የጎማ ቱቦዎች ተወስደው ይመዘናሉ፤ በአገሩ ኤታኖልና በአገሩ ቤንዚን ቅልቅል ውስጥ፣ አንዱ ደረቅ አንዱ ትንሽ ውኃ ያለበት፣ ሞቅ ባለ ክፍል ለጥቂት ወራት ይነከራሉ፤ ከዚያ እንደገና ይመዘናሉ። የምህንድስና ተማሪ ለመመረቂያ ሊሠራው የሚችል ነው። ከእናንተ መካከል ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋር በውል የምትሠሩ አላችሁ፤ እኔ ብሆን ከሌላ አንድ ዐውደ ጥናት ይህን እመርጥ ነበር።

ፍርዱን ይዤ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ልጁ መኪናውን በትራክ ላይ ሊነዳው ስለሚያስብ በአንዳንድ ማደያ የሚገኘውን 85 በመቶ ኤታኖል መጠቀም ይፈልጋል። በዚህ ነዳጅ ዘንድ የአባትየው ዚንክ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሽፋኑ ይሟሟና መርጫዎቹን ይደፍናል። መዳብ በኤታኖል ብቻ አይደለም የሚወቀሰው፤ ተራውን ቤንዚን እንኳ ቶሎ እንዲበላሽና ሙጫ እንዲያወጣ ያፋጥነዋል። አሉሚኒየሙ ቀላልና ለብየዳ ምቹ ነው፤ ኮሮላው ኤታኖል የሌለበትን 98 ኦክቴን ብቻ ቢጠጣ ኖሮ እርሱን እመርጥ ነበር። ነገር ግን ባዶ አሉሚኒየም ብዙ ኤታኖል ባለበት ነዳጅ አይታመንም፤ የሚገርመው፣ ሲሞቅ ውኃው እጅግ ያነሰ ደረቅ ኤታኖልም ይበላዋል። ማቆያው ደግሞ ከሞተር ዙሪያ ሞቆ የሚመለሰውን ነዳጅ የሚቀበል ዕቃ ነው። ለሁለት ጠላት የማይበገረው የማይዝገው ብረት ነው፤ ክብደቱና የብየዳው ችግር ዋጋው ነው።

አባትየው በጥሞና ሰማኝ። «እርሳስስ?» ብሎ ጠየቀ፤ እጁ ሳይታወቀው ድሮ ኩራዝ ይበይድበት ወደነበረው መሣሪያ ሄዶ ነበር። እርሳስም አይሆንም አልኩት፤ ምክንያቱን ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አነሣ፦ ቱቦው ከዚህ በፊት ቤንዚን ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ልጁን ጠየቀው። ቤንዚን የያዘ ዕቃ ባዶ መስሎ ተን እንደሚይዝ፣ በብየዳ እሳትም እንደሚፈነዳ ከምናለሽ ተራ ያመጣው ዕውቀት ነው፤ የትኛውም መጽሐፍ አላስተማረውም። ቱቦው አዲስ ነበር። በቪክቶሪያ ሕግ እንዲህ የተለወጠ መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ያየዋል፤ ብሔራዊው የተሽከርካሪ ማሻሻያ ደንብም ለነዳጅ ሥርዓት ራሱን የቻለ ክፍል መድቧል። ልጁ ክፍሉን አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

ቅዳሜ ዕለት አባትየው በየደው፤ ልጁ በአየር ሞልቶ የሳሙና አረፋ ቀባው። በአንደኛው ስፌት ጥግ አንዲት ትንሽ አረፋ ወጣች። አባትየው መነጽሩን አውልቆ ጠጋ ብሎ አያትና ብየዳውን እንደገና ለኮሰ።